የአረንጓዴው የቻይና ጠርሙስ ክዳን፤ ከአቃቂ ወደ ምሥራቅ የአምስት ቀን ጉዞ

ይህን ጉዞ ያደረግሁበት ምክንያት በጥቅምት ወር አጋማሽ የደረሰኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። በመንግሥት ንብረት ምዝገባ ሥራ ሠላሳ አምስት ዓመት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከፈረምኩበት ሰነድ ተመልሶ የመጣብኝ አንድም አልነበረም። ስለዚህ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አቃቂ በሰቃ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለ አንዲት የማላውቃት ሴት ደውላ ሙሉ ስሜን ስትጠራ፣ የጡረታ መታወቂያ እድሳት ይሆናል ብዬ ነበር የገመትኩት።

«አቶ አስፋው ገብረወልድ የሚባሉት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ።»

«በ1973 ዓ.ም. የቆጠራ መዝገብ ላይ የፈረሙት?»

«ከፊርማው ሥር ሁለት መስመር ካለ እኔ ነኝ።»

«አለ» አሉና በረጅሙ ተነፈሱ። «አልሐምዱሊላህ። ሞተዋል ብለውኝ ነበር እኮ!»

ደዋይዋ ወይዘሮ ዘይነባ ይባላሉ። በምሥራቅ የአገራችን ክፍል፣ በአንዲት አሮጌ የንግድ ከተማ ውስጥ ባለ አነስተኛ ሙዚየም የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው። የከተማዋን ስም የማልጠቅሰው ጉዳዩ የሚነካቸው ሠራተኞች ዛሬም በሥራ ላይ ስላሉ ነው። ወይዘሮ ዘይነባ ለጡረታ ከደረሱ ስምንት ወር አልፏቸዋል፤ ነገር ግን ክሊራንስ አላገኙም። የመንግሥት ሠራተኛ የነበረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በእጁ ያለውን ንብረት ቆጥሮ ያላስረከበ ሰው ክሊራንስ አያገኝም፤ ክሊራንስ የሌለው ደግሞ ጡረታ አይወጣም። ሲያስረክቡ ከመዝገቡ ጋር ያልተስማማው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ተራ ቁጥር 117 በእኔ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ጠርሙስ፣ የቻይና ሸክላ፣ አረንጓዴ፣ ከነናስ ክዳኑ፣ 1።» ጠርሙሱ አለ። ክዳኑ የለም።

«ክዳኑ የት እንዳለ ጠፍቶኝ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «እዚሁ ሙዚየም ባለው የናስ ማንቆርቆሪያ ላይ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት አንድ እንግዳ ተመራማሪ መጥቶ "ይህ የማንቆርቆሪያው ነው" ብሎ ገጠመው፤ ልክክ ብሎ ነው የገባው። ወረቀት ግን አልተጻፈም። አሁን ኦዲተሩ ከጠርሙሱ አንድ ክዳን ጎደለ፣ በማንቆርቆሪያው አንድ ክዳን ተረፈ ይላል።»

«ትርፍ ጉድለትን አያካክስም» አልኩ፤ ደንቡ ነውና።

«እሱም ያለኝ እንዲሁ ነው። አንዴ ብቻ፣ ጠርሙሱ ሲጀመር ክዳን አልነበረውም ብለው ቢፈርሙልኝ...»

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ያላየሁትን አልፈርምም። የጻፍኩት ከነክዳኑ ነው። መጥቼ ግን አያለሁ።»

እውነቱን ለመናገር የሄድኩት እሳቸውን ለመርዳት አልነበረም። ጽሑፌ ትክክል መሆኑን በቦታው ተገኝቼ ለማሳየት ነበር። ይህ ለእሳቸው ምን ማለት እንደሚሆን ሳላስበው አልቀረሁም፤ ከመዝገቡ ግን አላስበለጥኩትም።

ባለቤቴ ብዙነሽ ሻንጣዬን እያዘጋጀች «ለአንድ ክዳን ይህን ያህል አገር?» አለችኝ። «እዚህ የትልቁ ድስት ክዳን ከጠፋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ተነስተህ ጎረቤት እንኳ አልጠየቅክም።»

«ድስቱ አልተመዘገበም» አልኳት።

ሰኞ፣ ኅዳር 10 ቀን

ከጠዋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ከቤቴ ወጣሁ። በእኛ ሰፈር በዚያ ሰዓት የሚነሱት የፋብሪካ የጠዋት ፈረቃ ሠራተኞችና የታክሲ ረዳቶች ናቸው። አንድ ባጃጅ እስከ ዋናው መንገድ አደረሰኝ፤ ከዚያ በሚኒባስ ቃሊቲ መናኸሪያ ገባሁ። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው አውቶቡስ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሳል ተብሎ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳ። መዘግየቱን ማስታወሻዬ ላይ አሰፈርኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። ጥቂት ከተመለከቱኝ በኋላ «ጡረተኛ ነዎት፤ የመንግሥት» አሉኝ።

«በምን አወቁ?»

«ትኬቱን አጥፈው ከመታወቂያዎ ጋር አስቀመጡ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ትኬት ይጥላል።» እሳቸውም ጡረተኛ ናቸው፤ ጭሮ ከተማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። ኦቦ ሙሜ ይባላሉ። አዲስ አበባ የመጡት ዓይናቸውን ለመታከም ነው። «አንዱ ተሠርቷል» አሉና በጣታቸው አመለከቱኝ፤ «ሁለተኛው ወረፋ ላይ ነው።»

ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ ፍጥነት መንገዱ ገባን። የኮንዶሚኒየሙ ሕንፃዎች በስተግራ ቀሩ። እስከ አዳማ ያለው መንገድ ምንም የሚጻፍበት ነገር የለውም፤ ለመንገድ ይህ ምስጋና ነው። ከመተሐራ አጠገብ በሰቃ ሐይቅን አለፍን። ስሟ ከእኛ ሰፈር ስም ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን የእኛ በሰቃ በዎርክሾፕና በሱቅ የተጣበበ ሲሆን፣ ይህችኛዋ ዓመት ከዓመት እየሰፋች መንገዱን አስነስታዋለች። ኦቦ ሙሜ «ውኃ የሌላችሁ እናንተ፣ ውኃ የበዛበት እዚህ» አሉ። እርግጥ ነው፤ እኛ ዘንድ ቧንቧው በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው።

አዋሽ ላይ ምሳ በላን። ሙቀቱ ኮቴን አስወለቀኝ። ሽሮው ከእኛው ሽሮ የቀጠነ፣ በርበሬው ግን የበረታ ነበር። ፍተሻ ሦስት ጊዜ አጋጠመን፤ መታወቂያ ብቻ ነው የጠየቁን።

ሚኤሶን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር የአውቶቡሱ ፍሪሲዮን ተበላ። በመጀመሪያ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎም ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ከቆመበት አልንቀሳቀስ አለ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ፋዘሮች፣ ይውረዱ! ሰው ሲቀንስ ይቀለዋል!» አለ።

«እኛ ስንወርድ አይደለም» አሉ ኦቦ ሙሜ ቀስ ብለው እየወረዱ፤ «አንተ አፍህን ስትዘጋ ነው የሚቀለው።»

አልቀለለውም። መንገድ ዳር ከግራር ጥላ ሥር ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቆየን። አንድ ሽንኩርት የጫነ አነስተኛ የጭነት መኪና ቆመና ሾፌሩ ኦቦ ሙሜን አይቶ ወረደ፤ ተማሪያቸው ኖሯል። እጃቸውን ስሞ ከፊት ወንበር አስቀመጣቸው። እሳቸውም «ከእንግዳዬ ጋር ነኝ» አሉት። እንግዳቸው መሆኔን የሰማሁት ያኔ ነው።

በሽንኩርቱ መኪና ተጣብበን ጭሮ የደረስነው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። አልጋ ፍለጋ አራት ሆቴል ዞርኩ፤ በአራቱም የመንግሥት ሥልጠና ስላለ ክፍሎቹ በሙሉ ተይዘው ነበር። እኔም በሥራ ዘመኔ በሥልጠና ስም የብዙ መንገደኛ አልጋ ይዤ ስለነበር ለማማረር መብት እንዳለኝ አልተሰማኝም። ኦቦ ሙሜ በየሆቴሉ ደጃፍ ከኋላዬ ቆመው ይጠብቁ ነበር። ከአራተኛው ስወጣ «ጨረሱ?» አሉኝ። «አሁን ወደ ቤት እንሂድ።»

ቤታቸው ባለ ሦስት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ ግድግዳው በሰማያዊ ቀለም የተቀባ። ባለቤታቸው አደ መፍቱሃ ለእጄና ለእግሬ የሞቀ ውኃ አመጡልኝ። ለቤተሰቡ እራት ሥጋ እየተሠራ እንደነበር ሽታው ይናገራል፤ እኔ ፊት የቀረበው ግን የማሽላ እንጀራ ከተጠበሰ እንቁላልና ከማር ጋር ነበር። እነሱም ከእኔ ጋር እንቁላሉን በሉ። ኦቦ ሙሜ ብቻ እንዲህ አሉ፦ «ቢላዋው የእኛ ስለሆነ ነው። እንቁላል ላይ ግን ቢስሚላህም በስመ አብም አልተባለም፤ ይብሉ።» ወጡ ለማግሥቱ ምሳ እንደተቀመጠ ጠዋት ከልጆቹ ወሬ ተረዳሁ። አልጋቸውን ለእኔ ለቅቀው እሳቸው ምንጣፍ ላይ ተኙ። የተሠራውን ዓይናቸውን እያሳየሁ ብከራከርም አልሰሙኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11 ቀን

ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኦቦ ሙሜ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝና ለሾፌሩ በኦሮምኛ ረዘም ያለ ነገር ነገሩት። በመንገድ ላይ ሾፌሩን ምን እንዳሉት ጠየቅኩት። «አባባ ወረቀት ይወዳል፤ ትኬት ስጠው ነው ያሉኝ» አለ። ሚኒባስ ትኬት የለውም። ሾፌሩ ግን ከሲጋራ ፓኮ ወረቀት ቀድዶ የመነሻና የመድረሻ ከተማ ጻፈልኝ። አሁንም አለኝ።

እስከ ሂርና ያለው መንገድ በገደል አፋፍ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ተራራው በእርከን ተሠርቶ ጫት፣ ማሽላና ቡና ተክለውበታል። እኛ አገር ይህን የሚያህል ቁልቁለት ቢኖር ድንጋይ ፈላጭ ይሠፍርበት ነበር። ብርዱ ኮቴን መልሶ አስለበሰኝ። ከሂርና ወዲያ ያሉትን ከተሞች ስም ከላይ በገለጽኩት ምክንያት አልፋለሁ።

ሰባት ሰዓት ላይ ስደርስ ወይዘሮ ዘይነባ ጥላ ይዘው መናኸሪያው በር ላይ ቆመው ነበር። ቀጠን ያሉ፣ ረዥም፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። የመጀመሪያ ንግግራችን ክርክር ሆነ።

«ክፍል አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ ቤቴ።»

«አመሰግናለሁ፤ ምስክር ባለጉዳይ ቤት አያድርም።»

«እንግዳዬ ፔንሲዮን ሲያድር ጎረቤት ምን ይለኛል? እሺ፣ ምስክር ባለጉዳይ ቤት ይበላል?»

«አይበላም።»

«ታዲያ በረሃብ ነው የሚመሰክረው?»

ፔንሲዮን ያዝኩ። ንጹሕ ነበር፤ ውኃውም ሌት ተቀን ይወርዳል። በአሥር ሰዓት የፔንሲዮኑ ባለቤት ፈጢራ በትሪ አመጣችልኝ። ፈጢራ እንቁላል ውስጡ ያለበት፣ በቅቤ የተጠበሰ ስስ ሊጥ ነው። «አላዘዝኩም» አልኳት። «ከቤቱ ነው» አለች ወደ መሬት እያየች። የየትኛው ቤት እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ባልጠየቅኩት ነገር አልዋሸሁም።

በማግሥቱ ከኦዲተሩ ጋር ከምናደርገው ስብሰባ ቀደም ብዬ ግምጃ ቤት ገብቼ ዕቃውን ማየት አግባብ አልነበረም። እንደማንኛውም ጎብኚ ግን ትኬት ቆርጬ አዳራሹን መጎብኘት አይከለከልም። ሙዚየሙ ከአርባ ሦስት ዓመት በፊት የቆጠርነው የአንድ ነጋዴ ቤት ነው፤ ባለ ሁለት ፎቅ፣ የእንጨት ሰገነት ያለው። ጠርሙሱ ብቻውን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ቆሟል።

ላላዩት አንባቢዎቼ እገልጻለሁ። ቁመቱ ከክርን እስከ አንጓ ይሆናል፤ ሆዱ ክብ፣ አንገቱ ቀጭንና ረጅም ነው። ቀለሙን መግለጫው «ሴላዶን» ይለዋል። እኔ የጤና አዳም ቅጠል ጀርባ ብለው ይቀርበኛል፤ አረንጓዴ ነው ስትል ግራጫ፣ ግራጫ ነው ስትል አረንጓዴ። ሆዱ ላይ የአበባ ቅርጽ ተቀርጿል፤ ልባጡ ስለሸፈነው ብርሃኑ በጎን ካልመጣ አይታይም። ከቻይና በመርከብ ባሕር ተሻግሮ፣ ከወደብ በግመል የመጣ ነው ይላሉ፤ ዕድሜውንም ወደ ስድስት መቶ ዓመት ይገምቱታል። በአካባቢው ደግሞ መርዝ ሲገባበት ይሰነጠቃል የሚል እምነት ነበር። በ1973 ዓ.ም. እኔ ከነገሩ ሁሉ የጻፍኩት «አረንጓዴ» የሚለውን ብቻ ነው።

ማንቆርቆሪያው በሌላ ሣጥን ውስጥ ነበር፤ ክዳኑም በላዩ። ክዳኑን አወቅሁት። ጫፉ ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል እንክብል አለችው። ይህን ክዳን ጠርሙሱ ላይ ማየቴን በእርግጠኝነት አስታወስኩና ረክቼ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12 ቀን

ኅዳር ሚካኤልን ከአቃቂ ውጭ ስውል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ብዙነሽ በጠዋት ደውላ «ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ እያቃጠለ ነው፤ ዓይኔ ጠፋ» አለችኝ። እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ ቀኑን ከእኔ በቀር ያስታወሰው ሰው አላየሁም።

ስብሰባው በሦስት ሰዓት በሙዚየሙ ቢሮ ተጀመረ። ወይዘሮ ዘይነባ በፔርሙዝ ሆጃ ይዘው መጡ፤ የቡና ገለፈት ከወተት ጋር የሚፈላበት የአገሩ መጠጥ ነው። ረቡዕ ጾም መሆኑን ስነግራቸው «አወይ!» ብለው ሄዱና ጥቁር ሻይ ይዘው ተመለሱ። ኦዲተሩ ቢኒያም የሚባል፣ ከክልሉ ከተማ የተላከ፣ ላፕቶፑን ከቦርሳው ሳያወጣ ሰው የማያናግር ወጣት ነው። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ጋሼ፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ጽሑፉስ?»

«ጽሑፉም።»

«እንግዲያው ተራ ቁጥር 117ን ያንብቡልኝ።»

መዝገቡ ጠርዙ በምስጥ ተበልቷል፤ ጽሑፌ ግን ያኔ እንደነበረው ቀጥ ብሎ ቆሟል። አነበብኩ። ቢኒያም ወደ ወይዘሮ ዘይነባ ዞሮ «እንግዲህ...» ሲል «ቀጥሎ ያለውንም ያንብቡ» አሉ።

«እሱ ጉድለት የለውም፤ ትርፍ ነው። በሌላ ግኝት ነው የምናየው» አለ ቢኒያም።

«እኔ ስምንት ወር ሙሉ የተቀመጥኩት በሁለቱ ግኝት መሀል ነው። ያንብቡ።»

ተራ ቁጥር 118ን አነበብኩ፦ «ማንቆርቆሪያ፣ የናስ፣ ማጠፊያው የተሰበረ፣ ክዳን የሌለው፣ 1።»

ጮክ ብዬ ካነበብኩ በኋላ በልቤ ደግሜ አነበብኩት። የሸክላ ጠርሙስ ከናስ ክዳን ጋር፤ ከሥሩ የናስ ማንቆርቆሪያ ያለ ክዳን። ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀለም የተጻፉ። ይህን በሌላ ሰው መዝገብ ላይ ባይ ኖሮ መዝጋቢውን አስጠርቼ እጠይቀው ነበር።

ዕቃዎቹ እንዲመጡ ጠየቅኩ። ጓንት አደረግን። ቢኒያም ክዳኑን ከማንቆርቆሪያው አንስቶ ሰጠኝ፤ ጠርሙሱ አፍ ላይ አኖርኩት። ተቀመጠ፤ ነገር ግን ሰፋው። ጠረጴዛው በተነካ ቁጥር ይንቀጫቀጫል። አነሳሁትና በመነጽር አየሁ። በጠርሙሱ ከንፈር ዙሪያ እንደ እርሳስ መስመር የቀጠነ ግራጫ ቀለበት ተስሏል፤ ናስ ሸክላን ለዓመታት ሲነካካ የሚተወው ምልክት ነው። ከዚያ ክዳኑን ገለበጥኩት። ጠርዙ ላይ የማጠፊያው ግማሽ ተሰብሮ ቀርቷል፤ ሌላው ግማሽ ማንቆርቆሪያው ላይ አለ።

የረሳሁት የመሰለኝን ያኔ አስታወስኩ። የመጨረሻው ቀን ነበር፤ ደጅ የሚጠብቀን መኪና ጥሩምባውን ይነፋል። ሁለቱ ዕቃዎች ከአንድ ሣጥን ወጡ፤ ክዳኑ ለብቻው ከሥር ተኝቶ ነበር። በመመሪያው መሠረት «ሙሉ» ያልሆነ ዕቃ እያንዳንዱ በሦስት ቅጂ መግለጫ ይጻፍለታል። ማንቆርቆሪያው ማጠፊያው ስለተሰበረ መግለጫው የማይቀርለት ነው፤ በዚያው ላይ «ክዳን የሌለው» የሚል ቃል መጨመር አዲስ ወረቀት አይጠይቅም። ክዳኑን ጠርሙሱ ላይ ካደረግሁት ግን ጠርሙሱ ሙሉ ይሆናል። አደረግሁት። ሦስት ገጽ ወረቀት ዳነ። ቀጥሎም እውነት ነው ብዬ ፈረምኩ፤ ከሥሩም ሁለት መስመር አሰመርኩ።

የሻዩን ብርጭቆ ወደ ጎን አደረግሁና «ክዳኑ የማንቆርቆሪያው ነው» አልኩ።

«ጥሩ» አለ ቢኒያም፤ ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁ። «"በወቅቱ በነበረ የአሠራር ክፍተት" ብለን እንጻፈው። የእርስዎ ስም አይነሳም።»

«እንዲህ ከተጻፈ ግኝቱ ይዘጋል?»

«ለኮሚቴ ይመራል።»

«ኮሚቴው መቼ ይሰበሰባል?»

ወይዘሮ ዘይነባ ሳቁ። «ሁለቱ ተዛውረዋል፤ አንዱን ባለፈው ረመዳን ቀበርነው።»

«ዛሬ እንዲዘጋ ምን መጻፍ አለበት?»

ቢኒያም ላፕቶፑን ገፋ አደረገ። «የፈረመው ሰው ራሱ ተሳስቻለሁ ማለት አለበት። ክዳኑ የማንቆርቆሪያው ነው የሚል ሰውማ ሞልቷል ጋሼ፤ እኔም እላለሁ። የፈረመው ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። ችግሩ፣ እንዲህ ካሉ መዝገቡ በሙሉ ይጠረጠራል። አንድ መስመር ከወደቀ ሁለት መቶ ስድስቱም ዳግም ይቆጠራሉ። በእርስዎ ስም።»

መዝገቡን ወደ ራሴ ሳብኩ። ያሰብኩት ስለ ወይዘሮ ዘይነባ ነው ብል ለአንባቢ ደስ ይል ነበር። ያሰብኩት ግን ስለ ቀሩት ሁለት መቶ አራት መስመሮች ነው፤ ከመካከላቸው ሌላ ሦስት ገጽ ያዳንኩበት ይኖር ይሆን ብዬ። እንደሌለ መማል አልቻልኩም። ቀና ስል ወይዘሮ ዘይነባ እኔን አያዩም ነበር፤ በጓንት እጃቸው የጠርሙሱን ሆድ ደግፈው ይዘዋል፤ ሠላሳ ዓመት እንደዚያ የያዙት ይመስለኛል።

«ወረቀት ይስጡኝ» አልኩ። «በእጄ ነው የምጽፈው።»

ሙሉ ቃሌን እዚህ አልገለብጠውም። ዋናው ይህ ነው፦ ጠርሙሱ ክዳን እንዳልነበረው፣ ክዳኑን እኔ ራሴ በላዩ እንዳደረግሁት፣ ይህንንም ያደረግሁት የመግለጫ ወረቀት ለመቀነስ እንጂ ባለማወቅ እንዳልነበረ። ቢኒያም አንብቦ «የመጨረሻውን እንኳ ይተዉት፤ አያስፈልግም» አለኝ። ያለዚያ ቃሉ «ሙሉ» እንዳልሆነ ነገርኩት።

ከሰዓት በኋላ ወይዘሮ ዘይነባ በምስር የተሠራ ሳምቡሳ ወደ ፔንሲዮኑ ራሳቸው አመጡ። «አሁን ምስክርነቱ አልቋል» አሉ በሩ ላይ ቆመው። «ወይስ ለዚህም ደንብ አለው?»

ደንብ አልነበረውም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13 ቀን

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቆጠርን። ወይዘሮ ዘይነባ ዕቃውን ያወጣሉ፤ እኔ አነባለሁ፤ ቢኒያም ምልክት ያደርጋል። በወጣትነቴ የጻፍኩትን ሁሉ በአንድ ቀን ሰማሁት፤ ሣጥን፣ ሚዛን፣ የበር ቁልፍ፣ የእንጨት ሳህን። ሰባ ሦስተኛው ላይ አንድ የፋኖስ መስተዋት ሳይገኝ ቀረና መስመሩን ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩ፤ ወይዘሮ ዘይነባ በጥጥ ተጠቅልሎ ከሌላ ሣጥን አወጡት። ጠቡ መላውን ቀን በቢኒያምና በላፕቶፑ ባትሪ መካከል ሆነ። ምሳ እዚያው ቢሮ በላን፤ ሩዝ በአትክልት። በመጨረሻው መስመር ላይ ቢኒያም ብዕሩን አስቀምጦ «ሁለት መቶ አራቱ ልክ ናቸው» አለ። እኔም አመሰገንኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 14 ቀን

በመልሱ አውቶቡሱ አልተበላሸም፤ ስለዚህ አጭር ነው። ጭሮ ላይ ለአሥራ አምስት ደቂቃ ስንቆም ኦቦ ሙሜ በመስኮት አንድ ጠርሙስ ማር አቀበሉኝ። ስለ ክዳኑ ጠየቁኝ፤ እውነቱን ነገርኳቸው። «አርባ ዓመት አስተማሪ ነበርኩ» አሉ፤ «ስንቱን ልክ የሆነ መልስ ኤክስ አድርጌበት ይሆን? እኔን ደውሎ የጠራኝ ተማሪ የለም።» አውቶቡሱ ተነሳ።

አቃቂ ስደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ብዙነሽ «በለስ ቀናህ?» አለችኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰምታ «ሴትዮዋ ጡረታ ወጡ ወይስ አልወጡም?» አለች። «ደብዳቤው ገና አልወጣም» አልኳት፤ ደብዳቤ ያልወጣበትን ነገር ሆኗል ማለት አልወድም።

ከአንድ ወር በኋላ ደብዳቤው በግልባጭ ለእኔም ደረሰኝ። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ይላል፦ «በተራ ቁጥር 117 የተመዘገበው ጠርሙስ ክዳን የሌለው መሆኑ፣ የናሱ ክዳን የተራ ቁጥር 118 ማንቆርቆሪያ አካል መሆኑ፣ ልዩነቱም በአሠራር ክፍተት ሳይሆን በቀድሞው መዝጋቢ በአቶ አስፋው ገብረወልድ ስሕተት የተፈጠረ መሆኑ በራሳቸው ፊርማ ስለተረጋገጠ፣ ሁለቱ ምዝገባዎች እንዲስተካከሉ፣ ግኝቶቹ እንዲዘጉ፣ ለወይዘሮ ዘይነባም ከዛሬ ጀምሮ ክሊራንስ እንዲሰጣቸው ተወስኗል። ታኅሣሥ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.»